የአብዱልፈታህ ስሞች

"ባዶ ነው እኮ! ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን አንድ ፋይል የለም።"

ዘመድኩን ላፕቶፑን ወደ ኤዶም አዞረው። ኤዶም ከወንበሯ ሳትነሳ አንገቷን አስግጋ አየች። እውነቱን ነው። ትናንት በኩባንያው ፕሮጀክት ውስጥ ያስገባችው የስም ማዛመጃ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው።

"አልተበላሸም" አለችው። "ይሄ የእኛ ኮድ አይደለም፣ የሌላ ሰው ሪፖ፣ የኮድ ማስቀመጫ ነው። በእኛ ሪፖ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። የእኛው የሚይዘው አድራሻውንና የትኛውን ቅጂ እንደምንፈልግ ብቻ ነው። አንተ የእኛን ስታወርድ የእሱ አብሮ አይመጣም። የውስጡንም አምጣ ብለህ ማዘዝ አለብህ።"

"ታዲያ እዘዢልኛ! ከዙህር በኋላ የኤጀንሲ ሰዎቹ ይመጣሉ።"

ኤዶም ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ ትእዛዙን ጻፈች። ጽሑፉ እየተከታተለ ወረደ፣ ፎልደሩም ሞላ። ሁለቱም እፎይ ሊሉ ሲሉ የመጨረሻው መስመር ቀይ ሆኖ ቆመ። ፈቃድ የለዎትም ይላል።

"አሁን ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰውየውም በራሱ ሪፖ ውስጥ ሌላ ሪፖ አስቀምጧል" አለች ኤዶም። "ውጪኛው ለሁሉም ክፍት ነው። የውስጠኛው ዝግ ነው። ስሞቹ ያሉት እዚያ ይመስለኛል። ትናንት የሞከርኩት ለምሳሌ ባስቀመጣቸው ጥቂት ስሞች ብቻ ነበር።"

ዘመድኩን ግንባሩን አሸ። ቢሮው ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ውስጥ፣ ከአንድ የአልሙኒየም መጋዘን በላይ ነው። ኩባንያው የቤት ሠራተኛ ለሚያስመጡ ኤጀንሲዎች ሶፍትዌር ይሠራል። በቅርቡ ኤጀንሲዎቹ አዲስ ነገር ጠየቁ። ከማዳሞቻቸው ቤት የጠፉ ሴቶች ስም በእጃቸው አለ። ብዙዎቹ ሴቶች ደግሞ በሰዓት በሚከፍሉ ትንንሽ የጽዳት ድርጅቶች ውስጥ እንደሚሠሩ ያውቃሉ፤ የድርጅቶቹንም የሠራተኞች ስም ከነሥራ ፕሮግራሙ አግኝተዋል። ሁለቱ ግን አልገጥም አሉ። አንዷ ሴት በአንዱ ጸሐፊ እጅ ፋጡማ፣ በሌላው ፈቱማ፣ በሦስተኛው ፋቲማት ትሆናለች። ይህን የሚፈታ ፕሮግራም ፈልጋ ያገኘችው ኤዶም ናት። የሠራው አብዱልፈታህ የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ ስልኩ ከገጹ ግርጌ ተጽፏል።

"ደውዪለት" አለ ዘመድኩን።

"ለምን እንደምንጠቀምበት ከጠየቀኝስ?"

"አንቺ መልስ አታጪም።"

ደወለች። ሰውየው ሲያነሳ ከጀርባው የፕሪንተርና የሰው ጫጫታ ተሰማ። አብዱልፈታህ እዚያው ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር ውስጥ በአንድ የታይፒንግ ሱቅ የቪዛና የመታወቂያ ማመልከቻ ሲጽፍ ነው የሚውለው።

"ሀሎ፣ ማን ልበል?"

"ኤዶም እባላለሁ። ፕሮግራመር ነኝ። የስም ማዛመጃህን በፕሮጀክታችን ውስጥ አስገብቼው ነበር። የውስጠኛው ሪፖ ግን አልከፈት አለኝ።"

"እ፣ የስሞቹን ነው። እሱ ዝግ ነው እህቴ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጆቻቸው የጠፉባቸው ቤተሰቦች የሰጡኝ ነው። ማን በምን ስም እንደወጣች፣ የቤት ስሟ ማን እንደሆነ፣ እዚህ መጥታ ስም ቀይራም እንደሆነ ሁሉ አለበት። አደራ ነው።"

"ይገባኛል።"

"እናንተ ለምንድን ነው የምትፈልጉት?"

ዘመድኩን ክንዱን አጣጥፎ ከፊቷ ቆሟል። ኤዶም ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። አብዱልፈታህ በገጹ መግቢያ ላይ የጻፈውን ትናንት አንብባዋለች። እህቱ ረውዳ አጅማን ውስጥ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ስሟ ተሳስቶ በመጻፉ፣ ሊጠይቃት የሄደው ሁሉ የለችም እየተባለ ተመልሷል። ያገኛት ከሞተች በኋላ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው በዚያ ምክንያት ነው።

"ለሆስፒታል ነው" አለች ኤዶም። "የታካሚዎች ስም እየተሳሳተ ቤተሰብ እንዳያጣቸው።"



"ዋላሂ?" አለ አብዱልፈታህ። ድምፁ ተለውጧል። "እኔ እህቴን ያጣሁት በዚህ ነው።"

"አንብቤዋለሁ። ነፍሷን ይማርልህ።"

"አሚን። በይ ቆይ፣ ያሉትን ደንበኞች ልሸኝና አሁኑኑ እከፍትልሻለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል!"

ስልኩ ሲዘጋ ዘመድኩን በዝግታ አጨበጨበ። "አንቺስ ጉድ ነሽ" አላት። "እኔ እንኳ አላሰብኩትም ነበር።"

ፈቃዱ ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ደረሰ። ኤዶም ትእዛዙን ደገመችው። በዚህ ጊዜ ቀይ መስመር አልመጣም። በፎልደሩ ውስጥ ያለው ፎልደር ተከፈተ፤ የወሎ፣ የአርሲ፣ የጅማ ልጆች ከነአባታቸው፣ ከነቤት ስማቸው፣ ከነተለዋዋጭ አጻጻፋቸው ወረዱ።

ዘመድኩን እንግዶቹን ለመቀበል ወደ ታች ሲወርድ እሷ ሁለቱን መዝገቦች ጫነች። በአንድ ወገን የጠፉት ሴቶች፣ በሌላው ወገን በየጽዳት ድርጅቱ የሚሠሩት። ከማስኬዷ በፊት በአንድ ስም ልትሞክረው ፈለገች። ከማዳሟ ቤት የጠፋች የምታውቃት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሹኩሪያ ብላ ጻፈች።

ሹኩሪያ ሻርጃ ውስጥ በኤዶም ቤት ሳሎን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የምትተኛው። ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ነው የመጣችው። አጅማን ያለችው ማዳሟ ስልኳን ነጥቃ፣ በር ዘግታባት፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት አሠርታታለች። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው አልተመለሰችም። ኤዶም ያስጠጋቻት አዝናላት ነበር። በኋላ ኤዶም ከቀድሞ ሥራዋ ተባርራ ቪዛዋ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ቤት ውስጥ በልታ የምታድረው ሹኩሪያ በሰው ቤት ጽዳት ውላ ይዛ የምትመጣውን ነበር። ሹኩሪያ አንድም ቀን ይህን አንስታባት አታውቅም።

ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ወጣ። ሹኩሪያ፤ ከማዳሟ ቤት የጠፋች። ሽኩርያ፤ በሰዓት የሚከፍል የጽዳት ድርጅት። ሾኮሪያ፤ ሐይቅ ያለው ወንድሟ ለአብዱልፈታህ ያስመዘገበው፣ የቤት ስሟም ከአጠገቡ አለ። በጽዳት ድርጅቱ መስመር ላይ ነገ ጠዋት የምትሠራበት አጅማን ያለ ቤት ከነአድራሻው ተጽፏል።

ኤዶም እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ይህን አንድ ስም እለፈው የሚል አንዲት መስመር ኮዱ ውስጥ መጻፍ ትችላለች፤ ቀላል ነው። ነገር ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ሪፖው ይመዘግባል። ዘመድኩን ነገ ከፍቶ ቢያየው፣ ከዚህ ሁሉ ስም ይቺን አንዷን ለምን እንዳለፈች ይጠይቃታል። ከሥራ ወጥታ የከረመችበት ጊዜ ትዝ አላት። የጻፈችውን ስም ፊደል በፊደል አጠፋችና ሙሉው መዝገብ እንዲሄድ አዘዘች።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ የሚናገረው ግን አንዱ ብቻ ነበር። አብዱልከሪም ይባላል። ለብዙ ኤጀንሲዎች ሴቶችን ከአገር ቤት የሚያስመጣ፣ ቀለበቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሳቁ የሚቀድመው ሰው ነው። የስሞቹ ጥንድ በግድግዳው ላይ ሲወርድ ሳቁን አቆመና ከወንበሩ ተነሳ።

"ሱብሃነላህ! ይቺን እዩዋት። ማዳሟ እኮ ሁለት ዓመት ጨቀጨቀችኝ! አገሯ ገብታለች ብዬ ነበር።"

"እዚሁ ናት" አለ ዘመድኩን። "ዛሬ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ አንድ ቢሮ እያጸዳች ነው።"

"ነገስ? የነገውን አሳየኝ።"

ኤዶም የነገውን አወጣች። አብዱልከሪም በጣቱ እየተከተለ ወረደና ሽኩርያ የሚለው ላይ ቆመ። "አጅማን፣ ጠዋት። ይቺ ለመኪናችን ቅርብ ናት። ከእሷ እንጀምራለን።" ወደ ኤዶም ዞረ። "አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ነው ያገናኘሁት።"

"ብራቮ የኔ ልጅ። የሚተኙበትንም ብታወጪልን ደግሞ! ሴቶቹ ብቻቸውን እኮ አይደሉም፣ የሚያስጠጋቸው አለ። እሱንም ነው መያዝ። በሕግ ያስቀጣል።"

"ጽዳት ድርጅቶቹ የቤት አድራሻ አላቸው" አለ ዘመድኩን። "ሥራ ቦታ ላይ ያልተገኘችውን ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።"

"ኸላስ! እንዲያ ከሆነ ተስማምተናል።"

ኤዶም ፈገግ አለች። ሁሉም ፈገግ ስላሉ ነው። የሻርጃው ቤት ውል በእሷ ስም ነው።

እንግዶቹ ሳይወጡ ስልኳ ጠራ። አብዱልፈታህ ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አነሳችው።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፈቃዱን ስሰጥ የኩባንያችሁን ስም አይቼ ፈለግኩት። ለኤጀንሲ ነው የምትሠሩት ይላል።"

"ለእነሱም እንሠራለን።"

"ስሞቹ ኤጀንሲ እጅ ከገቡ እኮ... እኔን ምን ይሉኛል እነዚያ እናቶች? ልጅሽን አገኝልሻለሁ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ከሆስፒታሉ ሌላ ቦታ እንደማይሄድ ማይልኝ።"

"አይሄድም።"

"ማይልኝ እህቴ።"

"እምልልሃለሁ። እናቴን።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ካስከፋሁሽ አውፍ በይኝ። ግን ልቤ አልጸናም። ለጊዜው ልዝጋውና ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ስታመጪልኝ መልሼ እከፍትልሻለሁ። አሁን ብዘጋው ሥራችሁ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ?"

"ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" አለች ኤዶም። "እስከ ዐስር ሶላት ድረስ። እኔ ራሴ በሥርዓቱ ላውጣውና ከዚያ ትዘጋዋለህ። እንዲሁ ብትዘጋው የታካሚዎቹ መረጃ ይዘባረቃል።"

"እሺ፣ እሺ። እጠብቃለሁ። አላህ ይስጥሽ።"

ተመልሳ ለዘመድኩን ነገረችው። ዘመድኩን እንግዶቹን ሸኝቶ በሩን ዘጋ።

"በእሱ አድራሻ ላይ ተንጠልጥለን ልንቀር ነው? ሁለቱንም ወደ እኛ ሰርቨር ገልብጪያቸው። ከዚያ አድራሻውን ወደ ራሳችን ቀይሪው። የእሱን ቢዘጋው፣ ቢያቃጥለው ምን ቸገረን?"

"ስሞቹንም?"

"ያለ ስሞቹ ምን ዋጋ አለው? ምነው ኤዶም፣ አሁን ነው እንዴ የተጀመረው?"

ሥራው ሻይ የማፍላት ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። የውጪውን ገለበጠች፣ የውስጡን ገለበጠች፣ አድራሻ በያዘው ፋይል ውስጥ ሁለት መስመር ቀየረች። የአብዱልፈታህ አድራሻ ወጥቶ የኩባንያው ገባ። በዘመድኩን ኮምፒውተር ላይ ከባዶ አውርዳ ሞከረችው። ምንም አልጎደለም። ያን ጊዜ ለአብዱልፈታህ አሁን መዝጋት ትችላለህ የሚል መልእክት ላከች።

መልሱ ወዲያው መጣ። "ዘግቼዋለሁ። አልሐምዱሊላህ። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም ሳይነግረኝ ጥሎኝ ይሄድ ነበር፣ አንቺ ግን አስጠነቀቅሽኝ። በእኔ መዝጋት የተጎዳ ታካሚ የለም አይደል?"

"የለም" ብላ ጻፈችለት።

ወደ ሻርጃ የሚሄደው አውቶቡስ ጢም ብሎ ነበር። ቆማ ሄደች። መንገድ ላይ ምን እንደምትል ስታዘጋጅ፣ ያዘጋጀችውን ስትጥል፣ መልሳ ስታነሳ ቤት ደረሰች።

ሹኩሪያ የኤዶምን የቢሮ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። እግሮቿ አብጠዋል፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሴራሚኩ ላይ ቆማለች።

"መጣሽ ኤዱ? ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም? ሙሽኪላ አለ?"

"ሹኩ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።" ኤዶም ቦርሳዋን ሳታወርድ ተናገረች። "የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ነገ። ቦታው ያስፈልገኛል።"

ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቆመ። ሹኩሪያ ጨርቁ ሳይቃጠል ፈጥና አነሳችው።

"ነገ?"

"ድንገት ነው የነገሩኝ።"

ሹኩሪያ ሸሚዙን አገላብጣ ምልክት እንዳልጣለበት አየች። ከዚያ ሳቅ ለማለት ሞከረች። "እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ ብዬ ደንግጬ! አብሽሪ የኔ እህት፣ የሥጋ ዘመድሽ ናት። እኔስ ይኸው ስንት ጊዜ አኖርሽኝ? ነገ ጠዋት አጅማን ሹግል አለኝ። ሻንጣዬን ይዤው እሄዳለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እዚያው አካባቢ ቤድ ስፔስ፣ የሚከራይ አልጋ አፈላልጋለሁ። አብረውኝ የሚያጸዱት እነ ፋሪዳ አሉ።"

ኤዶም አትሂጂ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ናት። ነገር ግን ሹኩሪያ ይህን ከሰማች ዝም አትልም፤ ለፋሪዳ ትነግራለች፣ ፋሪዳ ለሌሎቹ። ነገ ጠዋት አብዱልከሪም የላካቸው ሰዎች በየሥራው ቦታ ማንንም አያገኙም። ስሞቹን ደግሞ ከእንግዶቹና ከቢሮው ሰዎች ሌላ ያየ የለም፤ ጥርጣሬው እሷ ላይ ይወድቃል።

"ልብሶቼን ግን እስከ ሐሙስ ድረስ ልተውልሽ?" አለች ሹኩሪያ። "የሥራ ቤት ሻንጣ ይዤ ስገባ ደስ አይላቸውም።"

"አይ፣ ቦታ የለም። ይዘሽው ሂጂ።"

"እሺ። ልክ ነሽ።"

ሹኩሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ብዙም አልነበራትም። ኤዶም ወንበር ላይ ተቀምጣ የሻንጣው ዚፕ ሲንቀራፈፍ ሰማች። ጥቂት ቆይታ ሹኩሪያ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ብቅ አለች።

"ኤዱ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዛሬ ከደረጃ ላይ ወድቆብኝ ጭራሽ አልበራ አለ። ለአሥራ አንድ ተኩል ቀስቅሺኝ፣ ሱብሒም እንዳያልፈኝ። በጣም ደክሞኛል፣ ካልተቀሰቀስኩ እስከ ረፋድ ነው የምተኛው። ካረፈድኩ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል።"

"እቀሰቅስሻለሁ።"

"አትረሺም?"

"አልረሳም።"

ሹኩሪያ ጉንጯን ስማት፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ በሩ ላይ ሰቀለችላትና መጋረጃውን ጋረደች። ወዲያው ትንፋሿ ከበደ።

ኤዶም ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። መናገርም፣ ማስጠንቀቅም አይጠበቅባትም። ባትቀሰቅሳት ሹኩሪያ እስከ ረፋድ ትተኛለች፣ አጅማን የሚጠብቋት ሰዎች ጠብቀው ይሄዳሉ። ጠዋት ብትቆጣ ረሳሁት ቢሏት ይቅር የምትል ሴት ናት።

ከዚያ ግን ሥራ ቦታ ላይ ያልተገኘችውን ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። በጽዳት ድርጅቱ ዘንድ የተመዘገበው ቤት ይሄ ነው።

ኤዶም ስልኳን አነሳች። መቀስቀሻውን ለአሥራ አንድ ተኩል ሞላችው። እንቅልፍ እንዳይጥላት ፈርታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና፣ ትንሽ ቆይቶ የሚጮህ ሌላ ጨመረችበት።